ሞራ ሳይገለጥ፦ ነገ ምዕራቡን ማን ይመራል?

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ለአንድ የንባብ ክበብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ሳሉንና "እእእ" ማለቴን አውጥቼ የቀረውን እንዳለ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ "አሁን" ያልኩትም ሁሉ የዚያን ምሽት ነው።

እንደምን አመሻችሁ።

በኑዛዜ ልጀምር። በ2016 መጨረሻ አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ የፈረንሳይን ቀጣይ ፕሬዚዳንት እንድገምት ተጠየቅሁ። ሳላቅማማ "ፍራንሷ ፊዮን ነው፤ አለቀ" አልኩ። ግምቱን እንኳ ይቅር ብለውኛል። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ የሚያበሽቁኝ "አለቀ" ባልኳት ቃል ነው።

ሂሳቡ ያኔ ቀላል ይመስል ነበር። ሶሻሊስቶቹ ሕዝቡን አሰልችተዋል። ፊዮን በኖቬምበር የቀኙን ጎራ ማጣሪያ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። ሁለተኛው ዙር ላይ የቀኝ አክራሪዋ ማሪን ለፔን ከገጠመችው ሌላው ሁሉ ተሰብስቦ እሱን ይመርጣል። ምን ቀረ? አንድ ጋዜጣ ቀርቶ ኖሯል። ለ ካናር አንሼኔ ይባላል፤ ረቡዕ ረቡዕ ይወጣል፤ ቀልድና ካርቱን ይበዛዋል። ጃንዋሪ 25 ቀን 2017 የፊዮን ባለቤት በፓርላማ ረዳትነት ስም ለዓመታት ደመወዝ ስትቀበል እንደኖረች፣ ሥራውን ግን ስለመሥራቷ ምልክት እንዳልተገኘ ጻፈ። ኤፕሪል ላይ ፊዮን በ20 በመቶ ሦስተኛ ወጣ። ፓርቲውን ካቋቋመ ገና አንድ ዓመት የሆነው ኢማኑኤል ማክሮን ቤተ መንግሥት ገባ።

"ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም" ይባላል። እኔ ለፈረንሳይም አላወቅሁም።

በአገራችን ድሮ ሞራ ገላጭ ነበር። በግ ይታረዳል፣ ሞራው ይዘረጋል፣ አዋቂው መስመሩን እያየ "ዘንድሮ ዝናብ ጥሩ ነው፤ ሹም ግን ይሻራል" ይላል። ዛሬ እኛ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ዘርግተን መስመሩን እናያለን። ጥናቱን አልንቅም። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ብዙ ጊዜ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ግን የሚነግረን ሰው ዛሬ በማን እንደተናደደ ብቻ ነው።

ከዚያ ውርደት በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ስም ከመጥራቴ በፊት "በሩን የሚከፍተው ማነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሕዝብ ነው እንዳትሉኝ። ሕዝብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ከመጣ። ከሱ በፊት ሌሎች በረኞች አሉ። አንዳንዴ መቶ ሰው ናቸው፣ አንዳንዴ ፍርድ ቤት ነው፣ አንዳንዴም አንድ ቁጥር ነው።

አንዱን በር ቀረብ ብለን እንየው። ኦክቶበር 8 ቀን 2024፣ ማክሰኞ፣ ለንደን። የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በምርጫ ተደቁሶ 121 የፓርላማ አባላት ብቻ ቀርተውታል። እነዚህ ሰዎች ዕጩዎችን እያጣሩ ሁለት ሲቀሩ ለፓርቲው አባላት ይልካሉ። በዚያ ቀን ጄምስ ክሌቨርሊ 39 ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ሆነ። ሮበርት ጄንሪክ 31፣ ኬሚ ቤዴኖክ 30 አገኙ። ቶም ቱገንድሃት 20 ይዞ ወደቀ። እንግዲህ በማግስቱ የቱገንድሃት 20 ድምፅ ይከፋፈላል ማለት ነው። ክሌቨርሊ ከሃያው ሁለቱን ብቻ ቢያገኝ ማለፉ የተረጋገጠ ነው። ሂሳቡን ቤታችሁ ሥሩት፤ አይዛነፍም።

ረቡዕ ውጤቱ ተነበበ። ቤዴኖክ 42፣ ጄንሪክ 41፣ ክሌቨርሊ 37። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደነገጡ፤ የድንጋጤው ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ሁለት መጨመር ሲገባው ሁለት ቀነሰ። ድምፁ ምስጢራዊ ስለሆነ ማን ምን እንዳደረገ በስም አይታወቅም። ያኔ በሰፊው የተወራው ግን ደጋፊዎቹ "የኛ ሰው አልፏል" ብለው፣ በመጨረሻው ዙር ይቀልለናል ላሉት ተጋጣሚ ድምፃቸውን ማበደራቸው ነው። ብድሩ በዛ። ዕቁብ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ የሂሳብ ስህተት አይሠራም።

ቤዴኖክ የፓርቲው መሪ ሆነች። ማክሰኞ ማታ በመላው አገር ሕዝቡን ብትጠይቁ ይኼን አትደርሱበትም ነበር። ጉዳዩ በጥቂት ሰዎች ኪስ ውስጥ ነው የነበረው።

የእንግሊዝን ነገር ከጀመርን እንቀጥልበት። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር በምርጫ ይገባል፣ በምርጫ ይወጣል ብለን እናስባለን። ከአትሊ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1945 ወዲህ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት በዳውኒንግ ስትሪት 19 ጊዜ የሰው ለውጥ ሆኗል። ከነዚህ 10 ጊዜ ገቢው የገባው ያለ ጠቅላላ ምርጫ ነው። ኤደን፣ ማክሚላን፣ ዳግላስ-ሆም፣ ካላሃን፣ ሜጀር፣ ብራውን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ። ከግማሽ በላይ! ስለዚህ "የሚቀጥለው የእንግሊዝ መሪ ማነው?" የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ "ገዥው ፓርቲ ውስጥ ማን ማንን አኮረፈ?" ብዬ ነው የምመልስለት።

ሊዝ ትረስን አስታውሱ። በሴፕቴምበር 2022 በ81,326 የፓርቲ አባላት ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። 47 ሚሊዮን ገደማ መራጭ ባለበት አገር ማለት ነው። የግብር ቅነሳዋ ገበያውን አናወጠው። አንድ ጋዜጣ ሰላጣ ገዝቶ ካሜራ ፊት አስቀመጠና "ማን ቀድሞ ይጠወልጋል?" አለ። ሰላጣው አሸነፈ። በ49 ቀኗ ወጣች። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። የፓርቲው ሹሞች ዕጩ መሆን የሚፈልግ ሰው የ100 የፓርላማ አባላትን ድጋፍ ያምጣ አሉ። ይህን በይፋ አሟልቶ የቆመው ሪሺ ሱናክ ብቻ ሆነ። አባላቱ ሳይጠየቁ፣ ገና ሰባት ሳምንት በፊት የጣሉት ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነላቸው። የበሩን ስፋት የሚወስን ሰው፣ ማን እንደሚገባም ግማሹን ወስኗል።

አሁን ተራው የገዥው ፓርቲ የሌበር ነው። ኪር ስታርመር በ2024 ከ650 ወንበር 411 ወሰደ። ከመራጩ ያገኘው ግን 33.7 በመቶ ብቻ ነው። ቤቱ ሰፊ፣ መሠረቱ ቀጭን። ወራሽ ይሆናሉ ከሚባሉት አንዷ የስታርመር ምክትል አንጀላ ሬይነር ነበረች። በሴፕቴምበር 2025 ቤት ስትገዛ 40,000 ፓውንድ ገደማ ግብር አሳንሳ መክፈሏ ታወቀና ከሥልጣን ለቀቀች። ከዚያ ሁሉም የታላቋ ማንቸስተርን ከንቲባ አንዲ በርንሃምን ያነሳ ጀመር። በሕዝብ ዘንድ ከስታርመር ይልቅ ይወደዳል። ወደ በሩ ስንሄድ ግን ሌላ ነው። የሌበር መሪ ለመሆን መጀመሪያ የፓርላማ አባል መሆን አለበት፤ በርንሃም አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ወንበሩን ይልቀቅለት፣ ፓርቲው በዕጩነት ይቀበለው፣ የማሟያ ምርጫውን ያሸንፍ፣ ከዚያ የፓርቲውን የፓርላማ አባላት አንድ አምስተኛ ድጋፍ ያሰባስብ። አራት በር ነው። መወደዱ አንዱንም በራሱ አይከፍትለትም።

ናይጀል ፋራጅስ? የሱ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ ከ2025 ጸደይ ወዲህ በአስተያየት ጥናቶቹ እየመራ ነው። በ2024 በ14.3 በመቶ ድምፅ 5 ወንበር ብቻ ነው ያገኘው። የእንግሊዝ ሥርዓት በየወረዳው አንደኛ የወጣውን ብቻ ስለሚያስገባ፣ 14 በመቶ ላይ ይቀጣል፣ 30 በመቶ ላይ ግን በድንገት ይሸልማል። ስለዚህ እሱን መናቅ ስህተት ነው። ችግሩ ቀኑ ነው። ቀጣዩ ምርጫ እስከ 2029 ክረምት ሊቆይ ይችላል፣ ቀኑን የሚመርጠውም በሥልጣን ላይ ያለው ሰው ነው። በጥናት ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ምርጫ የሚጠራ መሪ እኔ አላውቅም... ይቅርታ፣ አውቃለሁ። ራሱ ሱናክ በ2024 ጠርቷል። ያውም በዝናብ ውስጥ ያለ ጃንጥላ ቆሞ።

ወደ ጀርመን እንለፍ። እዚያ በሩ ጠባብ ነው፤ የገባ ግን ቶሎ አይወጣም። ከ1949 ጀምሮ 10 ቻንስለሮች ብቻ ናቸው። እንግሊዝ ከ2016 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትር አይታለች። ምክንያቱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 67። ፓርላማው ቻንስለሩን ማባረር የሚችለው ምትኩን በዚያው ድምፅ ከመረጠ ብቻ ነው። "ውጣ" ማለት አይበቃም፣ "እሱ ይግባ" ማለት ግዴታ ነው። የሚጠላ ሰው ላይ መስማማት ቀላል ነው፤ የሚወደድ ላይ መስማማት ነው ጭንቁ። ይህ መንገድ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1982፣ ሄልሙት ኮል ሽሚትን ሲተካ ነው።

የአሁኑ ቻንስለር ፍሬድሪክ ሜርዝ እንዴት እንደገባ ብነግራችሁ ግምት የሚባል ነገር ትተዉ ይሆናል። በ2002 አንጌላ ሜርክል የፓርላማ ቡድን መሪነቱን ወሰደችበት። በ2009 ከፓርላማ ወጣ። በ2018 ለፓርቲያቸው ለሲዲዩ መሪነት ተወዳደረና ተሸነፈ። በ2021 መጀመሪያ እንደገና ተወዳደረ፣ እንደገና ተሸነፈ። ማንም የዘጋው ፋይል ነበር። ግን ከፊቱ ያሉት ወራሾች አንድ በአንድ ወደቁ። አነግሬት ክራምፕ-ካረንባወር "ትንሿ ሜርክል" ስትባል ቆይታ በ2020 ራሷን አገለለች። አርሚን ላሼት መጣ። በጁላይ 2021 ጎርፍ በጀርመን ከ180 በላይ ሰው ገደለ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኤርፍትሽታት ከተማ ቆሞ ስለ ሟቾቹ ሲናገር፣ ላሼት ከኋላ ከሰዎች ጋር ሲስቅ ካሜራ ያዘው። ጥቂት ሰከንድ ናት። በእኛ ባህል ለቅሶ ቤት መሳቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያም ያው ነው። በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ግሪኖቹ ይመሩ ነበር፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ ኤስፒዲ 15 በመቶ አካባቢ ነበር። በሴፕቴምበር የኤስፒዲው ኦላፍ ሾልዝ በ25.7 በመቶ አንደኛ ወጣ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ሰው "ቀጣዩ ቻንስለር" ተብሏል። ሜርዝ ደግሞ በፍርስራሹ ላይ ቆሞ በሦስተኛ ሙከራው ፓርቲውን ተረከበ።

የ2025ቱ ምርጫ ይበልጥ ቀጭን ነው። ጀርመን ውስጥ ፓርላማ ለመግባት በመደበኛው መንገድ 5 በመቶ ያስፈልጋል። ቤኤስቬ የሚባለው አዲሱ ፓርቲ 4.98 በመቶ አገኘ። ከ10,000 ያነሰ ድምፅ ነው የጎደለው። አንድ ትልቅ ስታዲየም እንኳ አይሞላም። ያ ፓርቲ ቢገባ ኖሮ ሲዲዩ እና ኤስፒዲ ሁለቱ ብቻቸውን አብላጫ አይኖራቸውም ነበር፤ ሦስተኛ መለመን ግዴታ ይሆን ነበር። ስላልገባ 328 ወንበር ያዙ። የሚያስፈልገው 316 ነው።

ሜይ 6 ጠዋት ቻንስለሩን ለመምረጥ የፓርላማ አባላቱ እየተጠሩ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እየገቡ ድምፅ ሰጡ። ሜርክል ራሷ ከላይ ከእንግዶች ሰገነት ተቀምጣ ታያለች። የሜርዝ ቤተሰብም አለ። የተለመደ ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ማንም ቻንስለር በዚህ ዙር ወድቆ አያውቅም። ውጤት፦ 310። ከራሳቸው ቡድን ቢያንስ 18 ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ከድቷል። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በዚያው ቀን ሁለተኛ ዙር ለማድረግ የአሠራር ደንቡን በሁለት ሦስተኛ ማለፍ ስለሚያስፈልግ፣ ሲዲዩ "አብረን አንሠራም" ብሎ በወሰነበት የግራ ፓርቲ ደጅ መቆም ነበረበት። ከሰዓት በኋላ 325 አግኝቶ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ወራሹን ሁሉ በትዕግሥት ቀብሮ በ69 ዓመቱ የደረሰ ሰው፣ በሩ ላይ በራሱ ሰዎች ለግማሽ ቀን ቆመ።

ፈረንሳይን አሳጥራለሁ፤ አንዴ አዋርዳኛለችና። እዚያ ቀድሞ የሚመራ ሰው ያሳዝነኛል። በ1995 ጃንዋሪ ላይ ኤዱዋር ባላዱር ይመራ ነበር፤ ሺራክ ገባ። በ2011 ዶሚኒክ ስትሮስ-ካን ይመራ ነበር፤ ሜይ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ታሰረ፤ ኦላንድ ገባ። በ2016 መጀመሪያ አለን ዡፔ ነበር፤ ከዚያ ፊዮን፤ ከዚያ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የሁለት ዙር ምርጫ ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ስድስት ሰባት ሰው ድምፅ ሲሻማ፣ ሁለተኛ የሚወጣው ማን እንደሆነ በፀጉር ይወሰናል። በ2002 ሊዮኔል ዦስፓን ከዣን-ማሪ ለፔን ያነሰው ከ200,000 ባነሰ ድምፅ ነው። የግራው መራጭ ራሱን በትናንሽ ዕጩዎች በትኖ፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት አለቀሰ።

ለ2027 ከፍተኛው በረኛ ዳኛ ነው። ማክሮን ሁለት ተከታታይ ጊዜ ስለገዛ ሕጉ ያግደዋል። ማሪን ለፔን ማርች 31 ቀን 2025 የአውሮፓ ፓርላማን ገንዘብ ለፓርቲ ሥራ በማዋል ተፈርዶባት፣ ለአምስት ዓመት ከመመረጥ ታግዳለች። ይግባኟ በጃንዋሪ 2026 መታየት ይጀምራል። ካልተሳካላት በ1995 የተወለደው ዦርዳን ባርዴላ ይቆማል። እስከዚያው ቤቱ ውስጥ ያለውን ትርምስ ተመልከቱ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኮርኑ በኦክቶበር 2025 ካቢኔውን ማታ አሳወቀ፣ ጠዋት ለቀቀ፣ በዚያው ሳምንት እንደገና ተሾመ። ይህን አስቀድሞ የገመተ ካለ እጁን ያውጣ።

አንዳንዴ ደግሞ በሩን የሚከፍተው ከአገር ውጭ ያለ ሰው ነው። ካናዳ። በ2025 መግቢያ ላይ የፒየር ፖዋሊየቭር ኮንሰርቫቲቮች ከ20 ነጥብ በላይ ይመሩ ነበር። ትሩዶ ጃንዋሪ 6 ቀን እለቃለሁ አለ። ዶናልድ ትራምፕ ገባና ታሪፍ ጣለ፤ ካናዳን "51ኛዋ ግዛት" እያለ ከመግባቱም በፊት ጀምሮ ያፌዝ ነበር። ሊበራሎቹ ማርክ ካርኒን አመጡ። የካናዳንም የእንግሊዝንም ማዕከላዊ ባንክ የመራ፣ በሕይወቱ አንድም ምርጫ ተወዳድሮ የማያውቅ ሰው። ኤፕሪል 28 አሸነፈ። ፖዋሊየቭር የራሱን ወንበር ሳይቀር አጣ። በሳምንቱ አውስትራሊያ ውስጥ የተቃዋሚው መሪ ፒተር ደተን ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ስለ አውስትራሊያ ካነሳን፣ በ2019 አንድ የውርርድ ድርጅት የዚያው አገር ሌበር ፓርቲ እንደሚያሸንፍ ከመተማመኑ የተነሳ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ለአሲያዦቹ ገንዘባቸውን ከፈለ። ሌበር ተሸነፈ። እዚህ ሰፈር ያለው ቤቲንግ ቤት እንዲህ ቢያደርግልን ምናለ!

አሜሪካ ላይ ብዙዎቻችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዘመድ የሌለው የለም፤ በስልክ ይከራከራል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ላይ በሰሜኑ ጦርነት ጉዳይ በባይደን አስተዳደር የተቆጡ የኛ ሰዎች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ሲቀሰቅሱ አይተናል። ያንግኪን ያሸነፈው በ63,000 ገደማ ድምፅ ነው። "እኛ ነን ያስገባነው" የሚል ዘመድ አለኝ። በ63,000 ልዩነት ሁሉም "እኔ ነኝ" ማለት ይችላል።

በ2028 ማን? ትራምፕ ሁለቴ ተመርጧል፤ 22ኛው ማሻሻያ ሦስተኛ መመረጥን ይከለክላል። ስለዚህ ሁሉም ምክትሉን ጄዲ ቫንስን ያያል። የሪፐብሊካኖቹን ዕጩነት ለማግኘት ቅርቡ እሱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ሁለተኛውን በር ቁጠሩ። ከ1960 ጀምሮ በሥልጣን ላይ እያሉ ለፕሬዚዳንትነት የቆሙ ምክትሎች አምስት ናቸው፦ ኒክሰን፣ ሃምፍሪ፣ ትልቁ ቡሽ፣ ጎር፣ ሃሪስ። የገባው ቡሽ ብቻ ነው፣ በ1988። ከሱ በፊት የነበረውን ለማግኘት እስከ 1836 መመለስ አለባችሁ። ምክትል የአለቃውን ወዳጅ ሁሉ አይወርስም፤ ጠላቱን ግን አንድም ሳይቀር ይወርሳል። ዴሞክራቶቹን አትጠይቁኝ። በ2007 መጸው ሂላሪ ክሊንተን ኦባማን በ20 ነጥብ ትመራው ነበር፤ የዕጩዎች ማጣሪያ በሚጀመርበት አይዋ ግዛት ላይ ሦስተኛ ወጣች። እዚያው አይዋ፣ በ2024፣ በትክክለኛነቷ የተከበረችው የአስተያየት ጥናት ባለሙያ አን ሴልዘር ሃሪስ በ3 ነጥብ ትመራለች አለች። ትራምፕ በ13 አሸነፈ። እሷ እንዲህ ከሆነች እኔ ማን ነኝ?

ንግግሬን እዚህ ላይ ልቋጭ ስል ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ጋዜጣ ጉልበታቸው ላይ ታጥፏል።

"ልጄ፣ ይኼን ሁሉ በር አሳየኸን። ማን እንደሚገባ ግን አልነገርከንም። ስም ስጠን።"

አዳራሹ ሳቀ። ማምለጫ አልነበረኝም።

"እሺ አባባ" አልኩ። "ዕድሉን ከአሥር ነው የምሰጥዎት። እንግሊዝ፦ ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ ጠቅላላ ምርጫ፣ ከሌበር ውስጥ ይወጣል፤ ከአሥር ስድስት።"

ጻፉ። በጋዜጣው ጠርዝ ላይ፣ በእስክሪብቶ።

"ጀርመን፦ ሜርዝ እስከ 2029 ይቆያል፤ ከአሥር ስድስት። እሱ ቢወድቅ እንኳ ቀኝ አክራሪው ፓርቲ ኤኤፍዲ ቻንስለር አያወጣም፤ ከአሥር ስምንት ተኩል።"

"ተኩል ምንድነው?"

"ፍርሃት ነው አባባ። ፈረንሳይ፦ የለፔን ፓርቲ ዕጩ ሁለተኛው ዙር ይደርሳል፤ ከአሥር ስምንት። ያሸንፋል፤ ከአሥር አምስት። አሜሪካ፦ ቫንስ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል፤ ከአሥር ስድስት። ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ ከአሥር ሦስት።"

ጽፈው ጨረሱ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዴ አነበቡት። ከዚያ ተነስተው በወንበሮቹ መሀል ቀስ እያሉ መጡና ጋዜጣውን ከነእስክሪብቶው ዘረጉልኝ።

"ፈርምበት" አሉኝ። "ያኔ በሬዲዮ ሰምቼሃለሁ።"